ዲሲን የመረዘው ወንዙ ነበር ወይስ ቧንቧው?

ይህን ውይይት የከፈትሁት እኔ ነኝ። መልሶቹ በዝተው ዘግይቶ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስላዳገተው፣ ጥያቄዬንና ተከትለው የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመክፈቻው ጽሑፍ። ከ2001 እስከ 2004 ባለው ጊዜ በሰሜን ምዕራብ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከ18ኛው ጎዳና ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ እርስ በርስ ተያይዘው ከተሠሩት የድሮ ቤቶች በአንዱ ቤዝመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው እዚያ ነው። የእናቷ ጡት ስላልበቃት የቆርቆሮ ወተት በቧንቧ ውሃ እየበጠበጥን እናጠጣት ነበር፤ ሀገር ቤት ያደግሁበት ጥንቃቄ አልለቅ ብሎኝ ውሃውን አንድ ጊዜ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ሌሊት ስትነሣ ደግሞ ያንኑ ውሃ መልሼ አፈላው ነበር። በጥር 2004 መጨረሻ ዋሽንግተን ፖስት የከተማዋ ውሃ ከመንግሥት ወሰን በላይ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት እንዳለበት በፊት ገጹ ሲያወጣ፣ እኔ ዜናውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ከተሳፈረ ደንበኛ ነው። ልጃችን ዛሬ ጤነኛ ወጣት ናት፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው እስከ አሁን አልለቀቀኝም። ስለዚህ የፖቶማክ ወንዝ በእርሳስ ተበክሎ ሳለ ማጣሪያ ጣቢያው ሳያጣራ ለቅቆብናል ብዬ ጻፍሁ፤ ይህን ማን ያውቅ እንደ ነበርና እኛ ጆሮ እስኪደርስ ስለ ምን ያን ያህል እንደ ዘገየም ጠየቅሁ።

በቁጥር 1 የመለሱልኝ፣ ዕድሜያቸውን በውሃ ኬሚስትሪ ያሳለፉ አባት ናቸው። በትሕትና ጀምረው፣ ጥያቄዬ ትክክል ሆኖ ሳለ የተነሣሁበት ሐሳብ ግን የተሳሳተ መሆኑን ነገሩኝ። ፖቶማክ በእርሳስ አልተበከለም፤ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ጓድ በሚያስተዳድረው በዋሽንግተን አኩዌደክት፣ ማለትም የከተማዋን ውሃ በሚያጣራው ድርጅት፣ ሥር ካሉት ከዳሌካርሊያና ከማክሚላን ጣቢያዎች የሚወጣው ውሃም እርሳስ የለበትም ለማለት ይቻላል። እርሳሱ የሚገባው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ፣ ከመንገዱ ዋና መስመር ተገንጥሎ ወደ ቤት በሚገባው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ነው። ለማስረጃም የአርሊንግተንን ነገር አነሡ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው አርሊንግተን ከዚያው ጣቢያ ያንኑ ውሃ ሲጠጣ፣ የእርሳስ ቧንቧ እምብዛም ስለሌለው ዲሲ የደረሰው አልደረሰበትም። በአንድ አንቀጽ የሃያ ዓመት እምነቴን አፈረሱት፤ ለዚህ አሁንም አመሰግናቸዋለሁ።

ቁጥር 2 በዲሲና በሜሪላንድ የቧንቧ ሥራ የሚሠራ ወጣት ነው። ብዙ ንድፈ ሐሳብ አልጻፈም፤ ይልቅስ ቤዝመንት ወርዶ የሚያየውን ነገር ጻፈ። ቧንቧው በፊት ለፊቱ ግድግዳ በኩል ይገባል፤ ቀለሙ ደብዛዛ ግራጫ ነው፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ተኛ እባብ ለስለስ ብሎ የታጠፈ ነው፤ ከመዝጊያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ያበጠ መገጣጠሚያ አለው። ማግኔት ቢያስጠጉበት አይዝም። በቤት ቁልፍ ጫፍ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ እንደ አዲስ ብር ያበራል። መዳብ ከሆነ የሚወጣው ቀይ ነው፤ ብረት ከሆነ ማግኔቱን ይይዛል። የድሮዎቹ ሠራተኞች እርሳስን የወደዱትም ስለሚታጠፍና መሬት ሲንቀሳቀስ ስለማይሰበር እንደ ሆነ ጨመረ።

በቁጥር 3 አንዲት እህት፣ ቧንቧው ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ እዚያው የነበረ ከሆነ ስለ ምን በ2001 ድንገት መርዝ ሆነ ብላ ጠየቀች። ከውይይቱ ሁሉ የበለጠውን ጥያቄ የጠየቀችው እርሷ ናት ብዬ አምናለሁ፤ እኔ አልጠየቅሁትምና።

መልሱን በቁጥር 4 ያመጡት እኒያው አባት ናቸው፤ ረዘም ስላለ ዋናውን ብቻ አስቀምጣለሁ። እስከ 2000 ድረስ ውሃው በቧንቧው መረብ ውስጥ ሳለ ከተሕዋስያን የሚጠበቀው በክሎሪን ነበር። ክሎሪን ከወንዙ ቅጠላ ቅጠል ትርፍራፊ ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ፣ ከካንሰር ጋር ግንኙነት ያላቸው ውሕዶችን ይፈጥራል፤ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኢፒኤ በእነዚህ ላይ ደንቡን ስላጠበቀ፣ አኩዌደክቱ በኅዳር 2000 ወደ ክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ ወደ ተጣመሩበት ማከሚያ ተዛወረ። ሐሳቡ የሰውን ጤና ለመጠበቅ ነበር። ችግሩ ክሎሪኑ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሌላ ሥራም በዝምታ ሲሠራ መኖሩ ነው፤ በእርሳሱ ቧንቧ የውስጥ ግድግዳ ላይ ጥቁር ቡናማ ቅርፊት፣ በኬሚስቶች አጠራር የእርሳስ ዳይኦክሳይድ፣ አበጅቶ ነበር። ይህ ቅርፊት ክሎሪን እስካለ ድረስ በውሃ የማይሟሟ ጋሻ ነው። ክሎራሚን ግን ቅርፊቱን ለማቆየት ኃይሉ አልበቃም፤ ጋሻው ራሱ እየሟሟ ወደ ብርጭቆው ይወርድ ጀመር። አንዱን አደጋ ለመቀነስ የተወሰደው ርምጃ ሌላውን ከተኛበት ቀሰቀሰው ማለት ነው።

ቁጥር 5 ላይ የቀድሞ ጎረቤቴ መሆኗን ኋላ ያወቅሁት ሴት፣ በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት ውሃው በረኪና በረኪና ይሸት እንደ ነበርና የሻይዋ ጣዕም ይበላሽባት እንደ ነበር አስታወሰች፤ ይህም ከጉዳዩ ጋር ይገናኝ እንደ ሆነ ጠየቀች። ቁጥር 6 በትክክል ይገናኛል ሲል መለሰ። አኩዌደክቱ ቧንቧዎቹን ለማጽዳት በየዓመቱ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይመለሳል፤ በ2004 ጸደይም እንዲሁ ሲደረግ በውሃው ውስጥ ያለው እርሳስ ቀነሰ። ከዚህ የተሻለ ፈተና በላቦራቶሪም አይገኝም። ሁላችንም ያማረርንበት የበረኪና ሽታ ያለበት ውሃ፣ ከእርሳስ አንጻር የዓመቱ ደኅነኛ ውሃ ነበር።

በቁጥር 7 የጻፈችው እህት በሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ለእኔ በቀጥታ፣ ግን በለሰለሰ ቃል፣ ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስን እንደማያወጣ፣ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ እርሳሱ ባለበት ስለሚቀር በቀረው ውስጥ እንደሚበዛ አስረዳችኝ። ሁለት ጊዜ ያፈላሁት ውሃ ከቧንቧው እንደ ወጣ ከነበረው የባሰ ነበር ማለት ነው። ማንቆርቆሪያውን ዛሬም አየዋለሁ፤ እጀታው የተቃጠለ፣ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የያዘ፣ በሌሊት ልጅ እንዳትነቃ ፉጨቱን በጨርቅ ያፈንሁት ማንቆርቆሪያ ነበር። ነርሷ ሌላም ነገር ጨመረች፤ ከሙቅ ውሃው መክፈቻ ለጡጦም ሆነ ለምግብ መቅዳት አይገባም፣ ሙቅ ውሃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟልና። የጡጦ ሕፃን ምግቡ በሙሉ ውሃ ስለሆነ ከቤተሰቡ ሁሉ የበለጠ የሚጋለጠው እርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ከቁጥር 8 እስከ 10 ያሉት መልሶች ወደ ቡና ሄዱ። አንዱ ጀበና ላይ ሦስት ጊዜ የሚፈላው ቡናችን እንግዲህ ምን ሊሆን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሣት ይሻላል ብሎ ቀለደ። ቁጥር 10 የሆነው ቧንቧ ሠራተኛው ግን ቀልዱን ወደ ቁም ነገር መለሰው። በዚያ ዘመን ሰዎች ከመጠጣታቸው በፊት ውሃውን ለጥቂት ሰከንድ ወይም ለአንድ ደቂቃ ያህል እንዲያፈስሱ ይነገራቸው ነበር። መጀመሪያ የሚወርደው ግን ሌሊቱን በቤቱ ውስጥ ባለው መዳብ ያደረው ውሃ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው በእርሳሱ ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ያደረው ነው። እንግዲህ ምክሩን ተቀብሎ አንድ ደቂቃ ቆሞ የጠበቀው ሰው ብርጭቆውን የደገነው ልክ ክፉው ውሃ በሚደርስበት ሰዓት ነበር። ምክሩ ወደ 10 ደቂቃ ያደገው በ2004 ነው። ይህን ሳነብ ሥራ ከመሄዴ በፊት በዚያ ጠባብ ማድ ቤት ውሃውን ከፍቼ ቆሜ የምቆጥረው ትዝ አለኝ።

ቁጥር 11 ማን ምን ያውቅ ነበር ወደሚለው ጥያቄዬ የተመለሰው የመጀመሪያው ሰው ነው፤ የሕግ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። በ1991 የወጣው የእርሳስና የመዳብ ደንብ፣ ከተመረመሩት ቤቶች ከ10 በመቶ በላይ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም የበለጠ እርሳስ ከተገኘባቸው፣ የውሃ ድርጅቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቅና በየዓመቱ 7 በመቶ የእርሳስ ቧንቧዎችን እንዲለውጥ ያስገድዳል። በጊዜው ውሃውን ያከፋፍል የነበረው ዋሳ፣ ዛሬ ዲሲ ወተር የሚባለው፣ ወሰኑ መታለፉን ለኢፒኤ ያሳወቀው በነሐሴ 2002 ነው። ደንቡ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ ውሃው ተመርምሮ ከ15 በታች ከሆነ፣ ያ ቧንቧ ሳይነካ እንደ ተለወጠ ይቆጠራል። ስለዚህ መቆፈርን በምርመራ ለመተካት በ2003 ከ6,000 በላይ ቤቶች ተመረመሩ፤ ከ4,000 በላይ የሚሆኑትም ከወሰኑ አልፈው ተገኙ፤ 157 ቤቶች ከ300 በላይ ሆኑ። ጸሓፊው እንዳለው፣ ከቁፋሮ ለማምለጥ የተጀመረው ምርመራ የጉዳዩን ስፋት በቁጥር አጋለጠው። ዜናውን ጋዜጣው ያወጣው ከዚያ በኋላ፣ ጥር 31 ቀን 2004 ነው፤ የጤና ቢሮው ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ያልተጣራ የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ የመከረው ደግሞ በየካቲት መጨረሻ ነው።

ቁጥር 12 ሌላውን የታሪኩን ሰው አስገባ። በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የቧንቧ ዝገት የሚያጠኑት ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስ ወደዚህ ጉዳይ የገቡት በመዳብ ቧንቧዎች ላይ የሚታየውን ጥቃቅን ቀዳዳ እያጠኑ ሳለ ነው፤ ቀዳዳ ፍለጋ ሄደው ነው እርሳስ ያገኙት።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ሰላማዊ ነበር። ቁጥር 13 ድምፁን ለወጠው። ይህ ሰው በ1980ዎቹ ከሱዳን የመጣ፣ ሦስት ልጆች በዲሲ ውሃ ያሳደገና ሦስቱንም ያስመረቀ አባት ነው። የእኛ ሰው ከመሬት ተነሥቶ ይደናገጣል፤ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሲዲሲ ራሱ በ2004 ባወጣው ዘገባ በጣም የተበከለ ውሃ በነበረባቸው ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ተመርምሮ ከአሳሳቢው መጠን በላይ የሆነ አንድም ሰው አልተገኘም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የጋዜጣ ጩኸት ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። የእኔንም ጽሑፍ ባልደረሰ ጉዳት ማልቀስ አለው። እንደዚያ መባሉ ቆጥቁጦኛል፤ ሆኖም ጥሬ ነገሩን በተመለከተ ዘገባው በእርግጥ እንደዚያ ይል እንደ ነበር ለአንባቢ መናገር ይገባኛል።

የቁጥር 14 መልስ ስድብ ሊባል ምንም አልቀረውም፤ ስድቡን ትቼ ፍሬውን ላስቀምጥ። በዘገባው ደማቸው የተመረመረው 201 ሰዎች የኖሩባቸው ቤቶች ከ300 በላይ እርሳስ የተገኘባቸው ናቸው፤ ደሙ የተቀዳው ግን በ2004 ነው፤ ብዙዎቹም በዚያን ጊዜ ስለ ውሃቸው ተነግሯቸው የታሸገ ወይም የተጣራ ውሃ መጠጣት ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ነርሷ በቁጥር 15 ገብታ ቁጣውን አበረደችና ሳይንሱን ሰጠች፤ በደም ውስጥ ያለ እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ የቀረው ወደ አጥንት ይገባል፤ ስለዚህ ውሃውን ካቆመ ከወራት በኋላ የተቀዳ ደም ያለፈውን ዓመት አይመሰክርም። ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው የሕፃናት ሆስፒታል መረጃ ይዘው በ2009 ያሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት ከ4 ወር በማይበልጥ ሕፃናት ዘንድ በዴሲሊትር ደም 10 ማይክሮግራም የደረሰ እርሳስ የተገኘባቸው መጠን ከ2000 ጋር ሲነጻጸር ከ4 እጥፍ በላይ መጨመሩን አሳየ። በ2010 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ መርምሮ፣ የሲዲሲ ዘገባ በሺዎች የሚቆጠሩ የልጆች የምርመራ ውጤቶች በጎደሉበት መረጃ ላይ የቆመ መሆኑን አጋለጠ። ነርሷ በመጨረሻ ያስገባችው ነገር ለቁጥር 13 ሰውዬ ይመስለኛል፤ አሳሳቢ የሚባለው ልክ ራሱ ከ10 ወደ 5 በ2012፣ ከ5 ወደ 3.5 በ2021 ወርዷል፤ ያኔ ደኅና ናቸው የተባሉ ልጆች በዛሬው ሚዛን ቢመዘኑ ደኅና ላይባሉ ይችላሉ።

ቁጥር 16 ላይ ያው አባት ተመለሰ። ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን አሁንም ደገመ፤ ነገር ግን የእርሱ ቤት በ1960ዎቹ የተሠራ መሆኑንና ቧንቧው መዳብ መሆኑን አጣርቶ ማግኘቱን ጻፈ። ይቅርታ አላለም፣ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔም በዚሁ ተውሁት።

ከቁጥር 17 እስከ 20 ያለው ጥቂት ተበታትኗል። አንዱ ፍሊንትን አመጣ፤ ሚሺጋን ውስጥ ያለችው ፍሊንት በሚያዝያ 2014 የውሃ ምንጯን ስትቀይር ዝገት የሚከላከለውን ፎስፌት ባለመጨመሯ የደረሰባትን ሁሉ ዓለም ሲሰማ፣ የዲሲው ከዚያ ዐሥር ዓመት አስቀድሞ፣ ለረዘመ ጊዜና በበዛ ሕዝብ ላይ ደርሶ ስለ ምን ተረሳ ሲል ጠየቀ። ሌላው የአዲስ አበባን ውሃ አነሣና ነገሩ ወዲያው ወደ ለገዳዲ፣ ወደ ፈረቃና ወደ ሮቶ ሄደ። አንዲት እናት ልጇ እርሳስ የማኘክ ልማድ እንዳለበት ጠቅሳ ተጨንቃ ጠየቀች፤ ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም ስለሚጠራ ጥያቄው አያስቅም። ኬሚስቱ አባት የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት፣ ማለትም የከሰል ዘመድ መሆኑንና ከብረቱ ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው እንደሌለ ነግረው አሳረፏት።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ቁጥር 21 ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደውም ይኸው መልስ ነው። ጸሓፊዋ በዚያን ጊዜ በአንድ የማኅበረሰብ ቢሮ በአስተርጓሚነት ትሠራ ነበር። ለደንበኞች የተላከው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ሆኖ በደንቡ የተጻፈውን የማስጠንቀቂያ ቃል እንኳ አሟልቶ እንዳልያዘ፣ ኢፒኤም ኋላ ይህን ጥፋት ብሎ እንደ መዘገበው ጻፈች። ከዚያም እኔ በሃያ ዓመት ያላሰብሁትን ነገር አነሣች፤ ማስታወቂያ የሚላከው ከውሃው ቢል ጋር ነው፣ ቢሉ የሚመጣው ለባለቤቱ ነው፣ በ18ኛው ጎዳናና በዩ ጎዳና አካባቢ ቤዝመንትና ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የእኛ ሰው ግን ቢሉን ዓይቶት አያውቅም። ትዝ ይለኛል፣ ውሃው በኪራዩ ውስጥ መሆኑ ያኔ እንደ ዕድል ይቆጠር ነበር። አከራያችን ከላይኛው ደረጃ ሥር በፕላስቲክ ከረጢት የሚያጠራቅመው ያልተከፈተ ደብዳቤ ነበረ፤ ከእነዚያ አንዱ ይሆን እንዴ ብዬ ሳስብ አመሸሁ።

ቁጥር 22 በዚህ ላይ የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የወጣው በዚያው በ2004 መሆኑን፣ አማርኛም የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ሊተረጉሙባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ መሆኑን በኩራት ጻፈ። ቁጥር 23 ግን ሕጉ ሲወጣ ልጆቹ ውሃውን ጠጥተው ጨርሰው ነበር ሲል በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሰለት። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ይሁንና ቁጥር 22 ቅር ተሰኝቶ ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ቁጥር 24 በሰሜን ምሥራቅ ቤት ያላት ሴት ናት፤ የመጣችው ስለ መፍትሔው ነው፣ ተናድዳም ነው የመጣችው። በነሐሴ 2004 በመላው ከተማ ውሃ ላይ ኦርቶፎስፌት መጨመር ተጀመረ፤ ይህም በቧንቧው ውስጥ አዲስ ሽፋን ይሠራል፣ እርሳሱም ቀስ በቀስ ወርዶ ከወሰኑ በታች ሆነ። ለእርሱ አልተቃወመችም። የተቃወመችው ቁፋሮውን ነው። ከዋናው መስመር እስከ ግቢዋ ድንበር ያለው ቧንቧ የሕዝብ ነው፣ ከድንበሩ እስከ ቤቷ ያለው የራሷ ነው ተባለ። የሕዝቡ ግማሽ በመዳብ ተተካ፤ የራሷን ለማስቀየር የተጠየቀችው ገንዘብ ስላልነበራት የእርሳሱ ግማሽ እንዳለ ቀረ። በከተማው እንዲህ ከ14,000 የሚበልጡ ቧንቧዎች ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ የተለወጡ ሲሆን፣ አብዛኛው ግማሽ ለውጥ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው በቁጥር 25 ይህ ስለ ምን ክፉ እንደ ሆነ አስረዳ፤ አሮጌውን ሲቆርጡት መንቀጥቀጡ ቅርፊቱን ያራግፋል፣ አዲስ መዳብ ከአሮጌ እርሳስ ጋር ሲጋጠም ደግሞ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ እየተሠራሩ እርሳሱን ይበሉታል። ሲዲሲም ኋላ ባደረገው ጥናት፣ ግማሽ የተለወጠላቸው ቤቶች ልጆች ምንም ካልተነካባቸው ቤቶች ልጆች የተሻለ ደም እንዳልነበራቸው አገኘ። ሴትዮዋ ይህን ካነበበች በኋላ የጻፈችውን አልደግመውም፤ አወያዩም ግማሹን ሰርዞታል።

ዛሬ ያለውን ሁኔታ በቁጥር 26 የነገረን የሕግ ሰው ነው። ከ2019 ጀምሮ በዲሲ ግማሽ ለውጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በዚያው ዓመትም ዲሲ ወተር ሁሉንም የእርሳስ ቧንቧ በ2030 ጨርሶ ለመለወጥ ዕቅዱን አስታወቀ፤ ቤት ሻጭና አከራይም ስለ እርሳስ ቧንቧው የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ አለበት። ኢፒኤ በጥቅምት 2024 ባወጣው ደንብ ደግሞ ወሰኑ ከ15 ወደ 10 እንዲወርድና በመላ አገሪቱ ያሉት የእርሳስ ቧንቧዎች በአብዛኛው በ10 ዓመት ውስጥ እንዲለወጡ ተደንግጓል። ነርሷ እስከዚያው ማጣሪያ የሚገዛ ሰው በካርቶኑ ላይ ኤንኤስኤፍ 53 የሚለውንና እርሳስን እንደሚቀንስ የሚገልጸውን ጽሑፍ እንዲፈልግ፣ የማጣሪያውን ልብ በጊዜው እንዲቀይር አሳሰበች፤ ጣዕም ብቻ የሚያሻሽል ማጣሪያ ለዚህ አይሆንም።

በቁጥር 27 አንድ ሰው የዲሲ ወተርን ካርታ ጠቆመኝ፤ አድራሻ ሲጻፍበት የሕዝቡን ወገንና የግሉን ወገን ቧንቧ ለየብቻ ያሳያል። የድሮውን አድራሻ ጻፍሁ። የሕዝቡ ወገን መዳብ ይላል፤ የግሉ ወገን አልታወቀም ይላል። ይህንኑ በቁጥር 28 አሰፈርሁ።

ቁጥር 29 በበረኪናው ሽታ ያስታወሰችኝ የቀድሞ ጎረቤቴ ናት፤ ለካ አሁንም ከዚያው ቤት ሁለት በር ርቃ ትኖራለች። ቅዳሜ ዕለት ማግኔት ከማቀዝቀዣዋ በር ላይ ነቅላ ሄዳ አንኳኳች። ቤዝመንቱ ውስጥ የሚኖሩት ሕፃን ያላቸው የሆንዱራስ ሰዎች ናቸው፤ በእጅና በስልክ ትርጉም ተግባብተው አስገቧት። ማግኔቱ አልያዘም። ቁልፏን አውጥታ ሽንኩርቱ ከሚመስለው መገጣጠሚያ ዝቅ ብላ ፋቀችው፤ አበራ። ፎቶውን አንሥታ ለአሁኑ ባለቤት እንደ ላከች፣ እርሱም የለውጡን ማመልከቻ ሰኞ እንደ ሞላ፣ ማጣሪያ ግን እስከዚያው እርሷ ራሷ እንደ ገዛችላቸው ጽፋለች።